የየሻረግ ቤት የጓሮ በር

የቦካ ጭቃ ሽታ ለብዙ ሰው አይስማማም። አራት ቀን ውኃ ጠጥቶ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የሰነበተ ጭቃ ከሩቅ ይጣራል፤ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ያልፈዋል። እኔ ግን የበላሁት እንጀራ ከዚያ ሽታ የተገኘ ነው። በከተማችን በአርብ ገበያ እስከ ዛሬ ከቆሙት የድሮ ቤቶች የብዙዎቹን ጭቃ በእነዚህ እግሮች ረግጬ፣ ግድግዳቸውን በእነዚህ እጆች መርጌያለሁ። አሁን ሰው ሁሉ የብሎኬት ወዳጅ ሆኗል፤ የጭቃ ቤት የሚያሠራ ሰው ሳገኝ ቆሜ ሳላይ አላልፍም። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጠዋት ወደ ቀበሌያችን ምክር ቤት ስሄድ፣ አንድ ጎረቤቴ ከአጥሩ ውስጥ ጭቃ ያስረግጣል። ሽታው ፊቴን ሲመታኝ እግሬ ቀጥ አለ። ያን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ አሽትቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ይዞብኝ የመጣው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ከሠራኋቸው ሁሉ መሠራት ያልነበረበት። ምርኩዜን ጨበጥ አደረግሁና «ፈንታ፣ ዛሬ ካልተናገርህ መቼም አትናገርም» አልሁ ለራሴ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ጭቃ ረጋጮቹ ሳቁብኝ።

ምክር ቤቱ የተጠራው በአንዲት መጠጥ ቤት ጉዳይ ነው። አሁን የባንቺአየሁ ቤት ትባላለች፤ እኛ የድሮዎቹ ግን በእናቷ ስም የየሻረግ ቤት እንላታለን። ፈቃድ ያላት፣ አርብ አርብ ገበያተኛው ጢም ብሎ የሚሞላባት ቤት ናት። ገብሱን ሸጦ፣ አህያውን አስሮ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት እዚያ ጎራ የማይል ገበሬ ጥቂት ነው። ችግሩ በሯ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ የመብራቱ ሽቦ በከረጢቱ ላይ እንደ ሐረግ ተስቧል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚነሣው ጀነሬተር ከዚያችው ከአንዷ በር አጠገብ ነው፣ የቤንዚኑም ጀሪካን ከጎኑ። ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣች ሀብታም የምትባል ወጣት ባለሙያ ቤቱን አይታ በጻፈችው ወረቀት፣ ሁለተኛ መውጫ ካልተከፈተ ፈቃዱ እንዳይታደስ ብላለች። ቤቱን በቀኝ የጓደኛዬ የእንድሪስ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ በግራ የሌላ ሰው ግድግዳ ይዞታል። በር ሊወጣበት የሚችለው በጓሮ በኩል ብቻ ነው። በጓሮ በኩል ደግሞ በፊት በር ነበረ፤ ተደፍኗል። የደፈንሁት እኔ ነኝ፤ በእውነቱ ለምን እንደ ተደፈነ የሚያውቅም በሕይወት ካሉት ከእኔ በቀር የለም።

ዘመኑን ቁጠር ብትሉኝ አልቆጥርም፤ ቴትሮን ሱሪ ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው በሉት። ጭነት መኪና በሳምንት አንዴ ከደረሰ ደግ ነው፤ ጡሩንባው ከሩቅ ሲሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣ ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ጨው ሻጮች የሚቀመጡባት ጥግ ነበረች፤ ከእሷ ቀጥሎ የእንድሪስ አባት የስፌት መኪናቸውን የሚዘውሩባት በረንዳ፣ ከዚያ የየሻረግ ቤት። ሦስቱን አልፎ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፣ ለሰላምታው ብቻ። አንድ ብርሌ ጠጅ በስሙኒ ነው። ስሙኒ የሌለው ጠላውን እየጠጣ የጠጁን ሽታ በነጻ ያሸታል። ባለማሲንቆው ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ የገባውን ሁሉ በአባቱ ስም እየጠራ ያወድሳል፤ ዶሮ የሚፈራውን ሰው እንኳ አንበሳ ገዳይ ያደርገዋል። ዛሬ በዚያው ቤት አንድ ጥቁር ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ማንንም በስሙ አይጠራም፣ ጆሮ ብቻ ያደነቁራል። የሻረግ ራሷ ቁመተ ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፅዋ ከማሲንቆው የሚያይል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጇን ባንቺን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትቀዳው። አንድም ጎረምሳ አይዳፈራትም።

እኔ ግን ተዳፈርኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቴትሮን ሱሪ የለበስሁ ዕለት ነው። የእንድሪስ አባት የሰፉልኝ፣ ግራጫ፣ እግሩ ሥር ሰፋ ያለ፤ ስለብሰው መሬቱ የሚበቃኝ አልመሰለኝም። በባዶ ሆዴ ሁለት ብርሌ ጨለጥሁና ለባለማሲንቆው ግጥም ልስጥ ብዬ ተነሣሁ። ግጥሙ በአንድ ሽማግሌ እንግዳ ራሰ በራ ላይ ነበር። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ደገምሁት፤ በሦስተኛው እጄን ሳወናጭፍ ብርሌውን ከምሰሶው ጋር አጋጨሁት። የሻረግ ልጇን እንዳዘለች በአንገቴ ያዘችኝና በጓሮ በር ገፍታ ጣለችኝ። ከዚያ በር ውጭ አተላ ይደፋ ነበር። በአዲሱ ሱሪዬ፣ በአተላው መሐል፣ በአራት እግሬ ስነሣ ቤቱ ሙሉ በሩ ላይ ተደርድሮ ይስቃል። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጓደኛዬ እንድሪስ ነው፤ ጠጅ ባይጠጣም ጫጫታ ሲሰማ በአባቱ ጓሮ በኩል ዞሮ መጥቶ ነበር። በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር የወጣ ሰው ለወራት የከተማው መሳቂያ ነው። ያን በር ጠላሁት። ሳልፍ ፊቴን አዞርለት ነበር።

የጓሮው በር የሚከፈተው ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። የዚያ ዓመት ጥምቀት፣ ታቦቱ ሲመለስ ከየሻረግ ጓሮ ፊት ለፊት ቆመ። ቆመ ስል የተሸከሙት ካህን እግራቸው አልነሣ አለ ማለቴ ነው። እልልታው ተቋረጠ፤ ሴቶቹ «እግዚኦ» እያሉ ተንበረከኩ። ሰው ዞር ዞር ብሎ ሲያይ፣ በጓሮው በር ላይ ሦስት አራት ጠጪዎች ብርሌያቸውን እንደ ያዙ ቆመዋል። የደብሩ አለቃ መምሬ ካሳ ቅርባቸው የቆምሁትን እኔን ጠሩኝ። ለስላሳ ሰው ነበሩ፤ ሲቆጡም ድምፃቸው አይሰማም። «ልጄ፣ ግባና ለየሻረግ ንገራት» አሉኝ፤ «ታቦት ሲያልፍ ይህን በር ትዝጋው። በቃ፣ ሌላ ምንም የለ።» ገባሁ። ያ ሁሉ የሳቀብኝ ሰው ቤቱን ሞልቶ፣ ደንግጦ፣ አፌን እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ አንደበቴን ምን እንደ ያዘው አውቃለሁ፤ ሰይጣን ነው ብዬ አላመካኝም። ቂምና ልታይ ልታይ ማለት ነው። «መምሬ ካሳ ገዝተዋል!» አልሁ። «ይህ በር ይደፈን፤ ከእንግዲህ የከፈተው ውግዝ ይሁን ብለዋል!»

ለዛሬ ልጆች ግዝት የወረቀት ማስጠንቀቂያ ይመስላቸው ይሆናል። ግዝት ካህን በቃሉ ያሰረው ነው፤ ካህን ካልፈታው ማንም አይፈታውም፤ የጣሰው ከቤተ ክርስቲያንም ከሰውም ይለያል። የሻረግ ያን የመሰለች ሴት ፊቷ ዐመድ መሰለ። በሩን ራሷ ዘጋችው፤ ጠጪዎቹም ተንበረከኩ፤ ታቦቱም ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ማን ሊጠራጠር? በሳምንቱ አስጠራችኝ። «ቃሉን የሰማኸው አንተ ነህ፤ አንተው ድፈነው» አለችኝ። ማገሩን ደረደርሁ፣ ጭቃውን አራት ቀን ረገጥሁ፣ መረግሁ፣ ለሰንሁ። ውብ ግድግዳ ወጣው። በዓመቱ መምሬ ካሳ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና «ካልኋት አብልጣ ሠራች» ብለው መረቋት። እሷ ስለ ታዘዝሁ መረቁኝ ብላ አለቀሰች፤ እሳቸው ደግሞ ከራሷ ያደረገችው ነው ብለው አደነቁ። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። እንዲያውም ሰው ይወደኝ ጀመር። «የታቦቱን ቃል ያደረሰ» እያለ ለመልእክት ይልከኛል፤ ቆይቶ ለሽምግልና ይጠራኛል። ዛሬ ሁለት የተጣሉ ሰዎች «ፈንታ ይፍረደን» የሚሉት፣ ከሥሩ ብትቆፍሩት መነሻው ያ ነው።

ከዚያ ጥቂት ክረምቶች አለፉ። አንድ አርብ ከቀትር በኋላ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ከማድቤቱ አረቄ የሚወጣበት እሳት የሣር ክዳኑን ያዘው። እኔ ከገበያው መሐል ነበርሁ። ሴቶች እንስራቸውን እያወረዱ ሰጡን፤ ውኃው ሲያልቅ አፈር በተንን። ከዚያች ከአንዷ በር ሰው በሰው ላይ እየተረጋገጠ ወጣ። የሞተ የለም፤ ይህን አምላክን አመሰግናለሁ። መጨረሻ የወጣችው የሻረግ ናት። ሁሉም ወጥቷል ብለን ቆመን ሳለ፣ ጭሱ ውስጥ በጣም ከቆየች በኋላ፣ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ ብቅ አለች። «ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ብለው ሲጮኹባት «ጋኑን ላድን ብዬ ነው» አለች። የቤቱ ግድግዳ ተጠገነ፣ ጣሪያውም በቆርቆሮ ተከደነ። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ ብርሌ አልጨበጠም። በእኛ አገር በግራ መቅዳት ነውር ነው፤ እሷም ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሁልጊዜ፣ «በግራዬ ነው፣ አትቀየሙኝ» እያለች ነበር የምትቀዳው። እኔም ሲቀዳልኝ «ኧረ ምን ገዶኝ» እላለሁ። እስክትሞት ድረስ ያን ቃል ስንት ጊዜ ከአፏ ሰማሁት! እያንዳንዱ ጊዜ ልናገር እነሣለሁ፤ እያንዳንዱ ጊዜ ብርሌዬን አንሥቼ እጠጣለሁ። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ታዲያ ያን የታኅሣሥ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ቆርጫለሁ። ሰብሳቢው መኳንንት ይባላል፤ በሥራው መምህር ነው፤ ሰው ሲናገር እንደ ተማሪ እጅ ያስወጣል። ሀብታም ቀድማ ተነሣች። ቀጭን ናት፤ ስልኳ ላይ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች እያዞረች አሳየችን።

«እኔ የእማማ ባንቺን ቤት መዝጋት አልፈልግም» አለች። «ግን ሪስኩ ከባድ ነው። ጀነሬተሩ ይነሣል፣ ሽቦውም ይስተካከላል፤ እሱ ቀላል ነው። ኤግዚት ግን አንድ ብቻ ከሆነ፣ አርብ ቀን ያ ሁሉ ሰው በየት ይወጣል? የእሳት መኪና ከሩቅ ከተማ እስኪደርስ እኮ ዐመዱም ይቀዘቅዛል።»

እንድሪስ እጁን አወጣ። አቤቱታውን ያስገባው እሱ ነው። ከአባቱ የወረሰው በረንዳ ዛሬ ትልቅ ሱቅ ሆኗል። «እኔ ስለ መጠጡ አልናገርም፤ እሱ የእናንተ ነው» አለ፣ ሰው ሳቀ። «የእኔ ጨርቅ ግን ከእሷ ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ባንቺ እህቴ ናት፣ በአባቴ ጓሮ ስትሮጥ ነው ያደገችው። እሷም እንዳትነድ፣ እኔም እንዳልነድ በሩ ይከፈት።»

ባንቺአየሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። እናቷን ትመስላለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነው። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አልከፍተውም» አለች። «እናቴ እየነደደች ያልከፈተችውን በር እኔ ልክፈተው? አራት ሰው እኔ ዘንድ ሠርቶ ያድራል፤ ልጆቼ የሚማሩት በዚያ ቤት ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ዝጊ ካላችሁኝ ግን እዘጋለሁ። ግዝት አልጥስም።»

አንዱ ካህን ይጠየቅ አለ፤ ሌላው የገዘቱት ሞተዋል፣ የሞተ ያሰረውን ማን ይፈታል አለ። አንዱ የፊት በሩ ቢሰፋስ አለ፤ ሀብታም ራሷን ነቀነቀች፤ እሳቱ ከፊት ከተነሣ የሰፋው በር ምን ይረባል? መኳንንት ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ያሳዝናል። ፈቃዷ አይታደስ የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። አንዱ አወጣ። ሌላው አወጣ። የእንድሪስ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። እኔ እጅ አላወጣሁም፤ ተነሣሁ።

«ግዝት የለም» አልሁ።

ምርኩዜን ተደግፌ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሱሪዬን፣ አተላውን፣ መምሬ ካሳ ያሉትን በቃላቸው፣ እኔ የጨመርሁበትን በቃሌ። ስጨርስ ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማንም አልጮኸም። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከጎኔ የነበረው ሰው በፍቅር ክንዴን ያዝ አደረገና «አያ ፈንታ፣ ይቀመጡ፤ ገብቶናል» አለኝ። «ቤቷ እንዳይዘጋ ብለው ነው። ሽማግሌ ለማስታረቅ ትንሽ ቢዋሽ አይፈረድበትም።»

አላመኑኝም! ዕድሜዬን ሙሉ ውሸቴን አምነው እውነቴን ስነግራቸው ለደግነቴ ቆጠሩልኝ። ያን ጊዜ ተናደድሁ። ምርኩዜን ወለሉ ላይ መታሁት። «ላስታርቅ አልመጣሁም!» አልሁ። «እርጅና አላሳበደኝም። ዋሽቻለሁ፤ ያኔ ዋሽቻለሁ፤ ዛሬ ከዋሸሁ ግዝቱ በእኔና በልጆቼ ይሁን!» በልጆች ላይ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ በዋዛ አይነገርም። መኳንንት ብዕሩን አስቀመጠ።

ባንቺአየሁ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬት እያየች ተናገረች። «መምሬ ካሳ ሊሞቱ ሲሉ እናቴ ሄዳ ነበር። እኔ አብሬያት ነበርሁ። ከአልጋቸው ሥር ተደፍታ “አባቴ፣ ሳያልፉ የጓሮውን በር ግዝት ይፍቱልኝ” አለቻቸው። “የምን ግዝት?” አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ ሁለት ጊዜ “የምን ግዝት ነው ልጄ?” አሉ። ሞት ሲቀርባቸው ረስተውት ነው ብለን እያለቀስን ተመለስን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ውስጥ የነበረውን እዚህ አልጽፈውም።

ምክር ቤቱ ውሳኔውን በአንድ ሳምንት አዘገየው፤ በሩ እስከዚያ ከተከፈተ ፈቃዱ ይታደሳል ተባለ። ባንቺ በሰው ምላስ መግባት አልፈለገችም፤ ነገሩን ለአሁኑ አለቃ አቀረበችው። እሳቸው ወጣት ናቸው፣ ነገር አያስረዝሙም። «ያልታሰረ አይፈታም፤ በሩ ነጻ ነው፤ ታቦት ሲያልፍ ብቻ ይዘጋ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ ግን ነገ ይምጡ፤ እኛ የምንነጋገረው አለን» አሉኝ። ሄድሁ፣ ተነጋገርን፤ እሱ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቆይ። ባንቺ ለእኔ የላከችው መልእክት አጭር ነው፦ «የደፈነው ያፍርሰው።»

ሐሙስ ጠዋት ዶማዬን ይዤ ሄድሁ። ልጄ «አባባ፣ እኔ ልሂድልህ፤ ወገብህ» ብሎኝ ነበር፤ ተቆጣሁት። ሀብታም ግድግዳው ላይ በጠመኔ የበሩን ልክ አሰመረች፤ መዝጊያው ወደ ውጭ የሚከፈት መሆን አለበት ብላ ከአናጢው ጋር ተከራከረች። አናጢው ወደ ውጭ የሚከፈት በር በዘመኑ ሠርቶ አያውቅም። እንድሪስ ኮቴን ተቀበለኝና «ብትወድቅ በእኔ ሱቅ በኩል እንዳትወድቅ» አለኝ። ባንቺ እጇን አጣምራ ቆማለች። ከውስጥ በኩል ጀመርሁ። ዶማዬ ሦስት አራት ጊዜ እንዳረፈ የላይኛው ልስን በትልቅ ገበታ ልክ ተገምሶ ወደቀ። ዶማዬን አወረድሁ። እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ሲመጣ ግን አልቻልሁም።

ከልስኑ ሥር፣ በአሮጌው ምርጊት ላይ፣ የጣት ጭረት ነበር። ከሰው ደረት ልክ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ የወረደ፣ የዐሥር ጣት፣ ደጋግሞ የተቧጨረ። አንዳንዱ ጋ ጭዱ ተመንጭቆ ወጥቷል። ዙሪያው በጭስ ጠቁሯል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ባንቺ።

ነገርኋት። ከእሳቱ በኋላ ቤቱን የጠገንሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አየሁት። የሻረግ በጭሱ ውስጥ የቆየችው ለጋኑ አልነበረም፤ የፊቱ በር በሰው ሲታፈን፣ የጓሮው በር ወደ ነበረበት ሄዳ ግድግዳውን በጥፍሯ ስትቆፍር ነበር። ማንም ሳያይ ሁለት ጣት ውፍረት ጭቃ ደርቤ ለሰንሁት። እሷም ልስኑን አይታ ምንም አላለችኝም፤ እኔም ምንም አላልኋትም።

ባንቺ ጠጋ ብላ ጭረቱን በመዳፏ ነካችው። «እስክትሞት ድረስ ሰገደች» አለች ቀስ ብላ። «ሌሊት ተነሥታ፣ በዚያ በተኮማተረ እጇ መሬት እየተደገፈች። ምን በድለሽ ነው ስላት አትነግረኝም ነበር። ለዚህ ነው። ግዝት ልጥስ ነበር ብላ ነው።»

ይቅር በይኝ ልል አፌን ከፈትሁ። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ከዚያ ዶማውን ከእጄ ወሰደችና «ዞር ይበሉ» አለችኝ። በመጀመሪያው ምት ማገሩ ተሰበረ። አልቆመችም። ሀብታም ልርዳሽ ብትላት አልሰማቻትም፤ እንድሪስም ቢጠራት ዞር አላለችም። ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ እያለቀሰች ይሁን አይሁን ሳይለይ፣ ዶማው በወዲያ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ቆፈረች። የመንገዱ ብርሃን ገባ፤ አቧራው ውስጥ ቆመን ሁላችንም ሳልን።

ፈቃዷ ታደሰ። አናጢው እያጉረመረመም ቢሆን መዝጊያውን ወደ ውጭ የሚከፈት አድርጎ ሠራው። በጥር ታቦቱ ሲያልፍ ባንቺ ዘጋችው፤ ካለፈ በኋላ ከፈተችው። የእኔ ነገር ደግሞ በከተማው ተወርቶ አልቋል፤ ለሽምግልና የሚጠራኝ ቀንሷል፤ አልከፋኝም። ነገር ግን አንድ ሥራ ለራሴ ሰጥቻለሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ምክር ቤቱም አያውቀውም። አርብ አርብ ጠዋት፣ ገበያተኛው ሳይገባ፣ በጓሮው መንገድ እሄዳለሁ። በሩ መከፈቱን፣ መቀርቀሪያው አለመዛጉን፣ ከፊቱ ምንም አለመቆለሉን አያለሁ። ጉልበቴ እስካለ ድረስ እሄዳለሁ። ባንቺ ታየኛለች፤ አታናግረኝም፤ እኔም ይግቡ እስክትለኝ አልገባም።

ባለፈው አርብ ስደርስ ከበሩ ፊት ሦስት ሣጥን ቢራ ተደርድሯል። ያራገፈው መኪና ጥሎት የሄደ ነው። ምርኩዜን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁና የመጀመሪያውን ሣጥን ጎተትሁት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው አልነቃነቅ አለኝ፤ እግሬን አጽንቼ እንደገና ያዝሁት። በሩ ሣጥኑ እስኪያግደው ድረስ ወደ ውጭ ተገፋና ባንቺአየሁ በክፍተቱ ወጣች። አየችኝና ጎንበስ ብላ የሣጥኑን አንድ ጆሮ ያዘች።

«ብቻዎን አይችሉትም» አለች። «በዚያ በኩል ይያዙ።»

ያዝሁ።